ቤትን የሚያደክመው የሥጋ ማነስ ነው ወይስ የወጥ መቅጠን?

ሰው የተሰጠውን ዕድሜ በጤናና በሥራ ይፈጽመው ዘንድ ምግብ እንደሚያስፈልገው የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምግብ ሁሉ አንድ ዐይነት ሥራ አይሠራም። አንዱ እንደ ማገዶ ነው፤ ነዶ ሙቀትና ኀይል ይሰጣል። ሌላው እንደ ድንጋይና እንደ ጭቃ ነው፤ የአካልን ቤት ይሠራል፥ ያረጀውንም ያድሳል። ይህን ሁለተኛውን ሊቃውንት ፕሮቲን ብለው ይጠሩታል። ጡንቻ፥ ደም፥ ቆዳ፥ ጠጕርና ጥፍር የሚሠሩት ከርሱ ነው፤ ቍስል የሚሽረው፥ ሕፃን የሚያድገው፥ ሰውነትም በሽታን የሚመክተው በርሱ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ብዙ ሥጋ ሳይበላ ይህ አካልን ገንቢ ምግብ በቤታችን እንዴት እንደሚገኝ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን በብዙ ቤት የምንሰማው አንድ ንግግር ነው። አባወራው የልጆቹ ፊት ገርጥቶ ያየ እንደ ሆነ፥ «ሥጋ ስላልቀመሱ ነው» ይላል። በሁዳዴ ወራት እጅና እግሩ የዛለበት ሰው ድካሙን ሁሉ በጾሙ ያሳብባል። ከደመወዙ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ሰውም የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ፥ ቤተ ሰቡን የጐዳ እንዳይመስለው ብሎ የምስሩን፥ የወተቱንና የዕንቍላሉን ገንዘብ አውጥቶ ሥጋ ይገዛል። ሥጋው ግን በሁለት ቀን ያልቃል፤ የቀሩትን ሃያ ስምንት ቀኖች ቤቱ በቀጠነ ሽሮ ይገፋል። እንዲህም ሲሆን እናት ዝም ትላለች፤ ልጆች ይከሳሉ፤ አባትም ያዝናል።

እኛ ግን ነገሩን በመረመርን ጊዜ ጥፋቱን ያገኘነው በሌላ ቦታ ነው። ባገራችን ብዙ ቤት የሚያደክመው የሥጋ ማነስ ሳይሆን የወጥ መቅጠንና የድርሻ አለመስተካከል ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን የጾም ማዕድ፥ በመጠኑና በደንቡ ከተሠራ፥ አካልን ለመገንባት የሚበቃ ነው። ይህን በባዶ ቃል እንዳንናገር ማስረጃውን በየተራ እናቀርባለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ምን አሉ

ፕሮቲን የሚለውን ስም በ1838 በጽሑፍ ያወጣው ጌሪት ያን ሙልደር የሚባል የሆላንድ ሊቅ ነው። ስሙን ያመለከተው ደግሞ የስዊድኑ ሊቅ በርሴልዩስ ሲሆን፥ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በጀርመን አገር ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ የጡንቻ ኀይል የሚመጣው ፕሮቲን በመቃጠሉ ነው ብሎ አስተማረ። በዚህም ትምህርት ምክንያት ብርቱ ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ብዙ ሥጋ መብላት አለበት የሚል እምነት በአውሮፓ ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊኬኑስ የሚባሉ ሁለት መምህራን ትምህርቱን በገዛ አካላቸው ለመፈተን ቈረጡ። በ1865 በስዊስ አገር ፋውልሆርን የሚባለውን ተራራ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ባለው ቀንና በሚወጡበትም ጊዜ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ አልቀመሱም፤ ስንቃቸው ፕሮቲኑ ከወጣለት ዱቄት ተጋግሮ በስብ የተጠበሰ ቂጣ ነበረ። ሽንታቸውንም እየለኩ በአካላቸው ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንደ ተቃጠለ ተመለከቱ። ሒሳቡ በተሠራ ጊዜ የተቃጠለው ፕሮቲን ሁለት ሰዎችን ከዚያ ከፍታ ለማድረስ ከቶ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። እንግዲያውስ ተራራውን ያስወጣቸው ዱቄቱና ስቡ ነው። በዚህ ፈተና ፕሮቲን በተለይ ለመገንባትና ለማደስ እንጂ እንደ ማገዶ ለመንደድ እንዳልተሠራ ታወቀ።

ምን ያህል ይበቃል በሚለውም ነገር ሊቃውንት ብዙ ተከራከሩ። በሙኒክ የነበረው ካርል ፎይት ለአንድ ሠራተኛ በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራስል ቺተንደን ግን ራሱን፥ ባልንጀሮቹን መምህራን፥ ወታደሮችንና ስፖርተኞችን ለብዙ ወራት በጥቂት ፕሮቲን አኑሮ፥ ከዚህ መጠን እኩሌታ በሚሆነው ጤናቸውና ብርታታቸው ሳይጐድል እንደ ኖሩ በ1904 ባወጣው መጽሐፍ ገለጸ።

ዛሬ የሚሠራበት ልክ፥ የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ማኅበሮች ጋር በ2007 ያሳተመው ነው። በርሱም ዘንድ ጤነኛ የሆነ ዐዋቂ ሰው ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 50 ግራም፥ 70 ኪሎ የሚመዝን 58 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ጡንቻቸው እንዳይመነምን ብዙ ሐኪሞች ከዚህ ከፍ አድርገው ለያንዳንዱ ኪሎ 1 ግራም ወይም ጥቂት ጨምረው ያዝዛሉ። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች በቀን 30 ግራም ያህል፥ የምታጠባ እናትም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች 20 ግራም ያህል ከሌላው ጊዜ አብልጣ ማግኘት ይገባታል።

በጓዳችን ያለው ሀብት

ልኩን ካወቅን ዘንድ ወደ ጓዳችን ገብተን እንመልከት። ከ100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ወይም ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲን ይገኛል። ካልተቀቀለ ምስር ከ100 ግራም 24 ግራም ያህል፥ ከባቄላ 26 ግራም ያህል፥ ከአተር 23 ግራም ያህል፥ ከሽምብራ 20 ግራም ያህል ይገኛል። አኩሪ አተር ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ100 ግራም 36 ግራም ይሰጣል። ኦቾሎኒም 26 ግራም ያህል አለው። አንድ ዕንቍላል 6 ግራም፥ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይይዛል። የዓሣ ሥጋም ከ100 ግራም 18 ወይም 20 ግራም ስለሚሰጥ በሐይቆቻችን አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች መልካም ረዳት ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ እንጀራን ነው። እንጀራ ወጥ ማንሻ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 11 ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ፕሮቲን ይገኛል፤ ስንዴም ከዚህ አያንስም። በቀን ከሩብ ኪሎ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ የሚበላ ሰው ከእንጀራው ብቻ 27 ግራም ያህል፥ ማለት ከሚያስፈልገው ከእኩሌታ የሚበልጠውን አግኝቷል።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። የጥራጥሬው ቍጥር የተነገረው ስለ ደረቁ ነው። ምስር ሲቀቀል ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ፥ ከተቀቀለው ምስር 100 ግራም የሚገኘው 9 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ መለካት የሚገባው ከድስቱ ሳይሆን ከመስፈሪያው ነው። በደረቁ ከተመዘነ ግን ግማሽ ኪሎ ምስር ከግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ የማያንስ ፕሮቲን ይዟል። የሁለቱን ዋጋ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፥ «የሥጋ ፕሮቲንና የምስር ፕሮቲን እኩል ነውን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ከ20 ታናናሽ ክፍሎች ነው፤ በፊደል ቃል እንደሚጻፍ በነርሱም ልዩ ልዩ ፕሮቲን ይሠራል። ከነዚህ ብዙዎቹን አካላችን ራሱ ያዘጋጃል፤ 9ኙን ግን ከምግብ ካላገኘ ሊሠራቸው አይችልም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊልያም ሮዝ በ1935 ትሬዮኒን የተባለውን በማግኘቱ የነዚህ የማይቀሩ ክፍሎች ቍጥር ሊሟላ ቻለ።

ሥጋ፥ ወተትና ዕንቍላል ዘጠኙንም በሚገባው መጠን ይዘዋል። ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስና ማሽላ ግን ላይሲን የሚባለው ክፍል ያንሳቸዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ ይህም ያነሰው ክፍል በእህሉ ዘንድ በበቂ ይገኛል። ስለዚህ እንጀራና ሽሮ፥ እንጀራና ምስር፥ ቂጣና ባቄላ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ ለየብቻቸው የሚያቅታቸውን እርሻ አንድ ላይ ያርሱታል። አያቶቻችን የአሚኖ አሲድን ስም ሳይሰሙ እህልን ከጥራጥሬ ጋር ማጣመራቸው የረጅም ዘመን ጥበብ መሆኑን በዚህ እናስተውላለን።

ሁለቱ ምግቦች በአንድ ሰዓት ባይበሉስ? በ1971 ፍራንሲስ ሙር ላፔ የምትባል አሜሪካዊት በጻፈችው መጽሐፍ በየማዕዱ አጣምሮ መብላትን አጥብቃ መክራ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን መጽሐፏን አርማ ስታወጣ ይህን ያህል መጠንቀቅ እንደማያስፈልግ ገለጸች። ዛሬም የሊቃውንት ቃል ይኸው ነው፤ ጥዋት ቂጣ፥ ማታ ምስር የበላ ሰው በዕለቱ ውስጥ ሁለቱን ካገኘ ይበቃዋል።

የቀጠነ ወጥ ሒሳብ

እንግዲህ ጓዳው ይህን ያህል ሀብት ካለው፥ ቤተ ሰቡ ስለ ምን ይደክማል? መልሱን በድስቱ ውስጥ እንፈልገው። ስድስት ሰዎች ያሉበትን ቤት እናስብ። ለምሳ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በውሃ ተበጥብጦ፥ በበርበሬና በዘይት መልኩ አምሮ ቀረበ እንበል። በሦስቱ ማንኪያ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 ግራም አይበልጥም። ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዱ አንድ ግራም ብቻ ይደርሰዋል። ወጡ ቀይ ነው፥ ሽታው ያውዳል፥ እንጀራውንም ያርሳል፤ አካልን ግን አይገነባም።

ይህችው እመቤት ለያንዳንዱ ሰው 50 ግራም፥ ማለት አምስት ማንኪያ ያህል ሽሮ ለክታ ወጡን ብታወፍረው፥ ለያንዳንዱ 10 ግራም ይደርሰዋል። ማታም እንደዚሁ ለሰው 50 ግራም ምስር ብትሠራ 12 ግራም ይጨመራል። በዚህ ላይ ከእንጀራው የሚገኘው 27 ግራም ሲደመር 49 ግራም ይሆናል። በመካከሉ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቈሎ የበላ እንደ ሆነም ከ50 አልፏል። ይህ ሁሉ የጾም ምግብ ነው። ሥጋ የለበትም፥ ወተት የለበትም፥ ዕንቍላልም የለበትም። ከጥራጥሬና ከእህል የሚገኘው ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ በሆድ ውስጥ ጥቂት ስለሚባክን፥ ልኩን አስተካክሎ ከመድረስ አሳልፎ መስጠት ይሻላል።

ከዚህም ጋር ማንም ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ሰው በጠቅላላው የሚበላው ምግብ ያነሰ እንደ ሆነ፥ አካል ማገዶ ስላጣ ፕሮቲኑን ያነደዋል፤ ብርድ የጸናበት ሰው የቤቱን ማገር ነቅሎ እንደሚያነድ ማለት ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ጾሙ ሲፈታ በአንድ እንጀራና በጥቂት ወጥ ብቻ የሚያድር ሰው፥ ድካሙ የመጣው ሥጋ በመተዉ ሳይሆን ጠቅላላ ምግቡን በማሳነሱ ነው።

የማዕዳችን ልዩ ልዩ ጥበብ

ሽሮን ዕለት ዕለት መብላት የሰለቸው ሰው ቢኖር፥ የሰለቸው የእናቶቹን ሙያ ረስቶ እንደ ሆነ እንንገረው። ምስር ተቀቅሎ፥ ተፈጭቶም ሳይልም፥ በሰናፍጭ፥ በሎሚ፥ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲለወስ አዚፋ ይሆናል፤ በቀዝቃዛው ስለሚበላ ለቀትር ምሳ ይስማማል። የሽምብራ ዱቄት በስሎ፥ ከቀዘቀዘ በኋላ በሎሚ፥ በዘይት፥ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲታሽ ቡጢቻ ይባላል። የባቄላ ዱቄት ተገንፍቶ ሰናፍጭ፥ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ከተጨመረበት በኋላ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ፥ ኰምጠጥ ያለ ስልጆ ይወጣዋል።

የሽምብራ ዓሣ ደግሞ የሙያ መፈተኛ ነው። የሽምብራው ዱቄት በዘይትና በቅመም ጠንከር ተደርጎ ይለወስና በዓሣ አምሳል ይቀረጻል፤ ከዚያም ይጠበስና በበርበሬ ወጥ ውስጥ ይገባል። እንግዳ ለመቀበል ሥጋ ግድ ነው የሚል ሰው፥ በጾም ቀን ደንበኛ የሽምብራ ዓሣ ቢቀርብለት ክብሩ እንዳልጐደለ ያየዋል። ሱፍ፥ ሰሊጥ፥ ኑግና ተልባም ስባቸው ብዙ ቢሆን ፕሮቲናቸውም ቀላል አይደለም፤ የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ውሃ ለደከመ ሰው የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል እያሉ የሚተዉት ሰዎች አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መድኀኒቱ በቤት አለ። ባቄላው ወይም ሽምብራው ሌሊቱን በውሃ ይዘፍዘፍ፤ ጥዋት ውሃው ይደፋ፤ በአዲስ ውሃም ደኅና አድርጎ ይቀቀል። ተከክቶ ልጡ የወጣለትም ለሆድ ይቀላል። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ እስኪበቅል ድረስ የቈየ ባቄላ፥ በቈልት የምንለው፥ ከደረቁ ይልቅ ቶሎ ይፈጫል፤ በውስጡ ያለውም ብረትና ሌላው ማዕድን ለአካል የተመቸ ይሆናል። ልማድም ይረዳል፤ በጥቂት ጀምሮ እየጨመረ የሄደ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያን ያህል አይቸገርም።

የመሶቡ ድርሻ ለማን ነው

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። በጐልድ ኮስት፥ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር፥ ሲስሊ ዊልያምስ የምትባል በጃማይካ የተወለደች ሐኪም ትሠራ ነበር። ይህች ሐኪም ጡት ከተዉ በኋላ እግራቸውና ፊታቸው የሚያብጥ፥ ጠጕራቸው የሚሳሳና የሚቀላ፥ ቆዳቸው የሚላጥ ሕፃናትን አየች። በ1933 ስለ በሽታው ጻፈች፤ በ1935ም የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትን ክዋሺዮርኮር የሚለውን ስም ለዓለም አስታወቀች። ትርጓሜው ታናሹ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተገፋው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሕፃኑ ከእናት ወተት ተለይቶ በበቈሎ ሙቅ ብቻ ይኖር ነበርና። ዛሬ ሐኪሞች የዚህ በሽታ ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ ሳይሆን የምግብ ሁሉ ማነስና የተደጋገመ ሌላ በሽታም እንዳለበት ይናገራሉ። ነገር ግን የስሙ ምስክርነት አልተለወጠም፤ በቤት ውስጥ ድርሻውን ያጣ ሕፃን ነው።

በእኛስ ቤት ልጆች ከትልልቆች በኋላ የሚበሉበት፥ የድስቱ ጥሩ ነገር ለአባትና ለእንግዳ ወጥቶ ለሕፃን በወጥ ውሃ የራሰ እንጀራ የሚሰጥበት ልማድ የለምን? ትልቁን ማክበር ደግ ሥርዐት ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን የጐለመሰ ሰው አካሉን ሠርቶ ጨርሷል፤ የሚያስፈልገው ማደስ ብቻ ነው። ሕፃኑ ግን ገና መሠረት እየጣለ ነው፤ ሆዱም ታናሽ ስለ ሆነ በውሃ ከሞላ ለሌላ ስፍራ የለውም። ለአምስት ዓመት ልጅ በቀን ከ20 ግራም የማይበልጥ ፕሮቲን ይበቃዋል። አንድ ዕንቍላል፥ አንድ ብርጭቆ ወተትና በወፍራም ምስር የተበላ እንጀራ ይህን ይሞላሉ። ለዚህ በሬ መጣል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የእናትና የአባት አሳብ ነው።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት እየጠባ ሌላ ምግብ ይጨመርለት። ምግቡም ቀጭን ሙቅ አይሁን። ሦስት እጅ እህል፥ ማለት ጤፍ ወይም ገብስ ወይም አጃ፥ አንድ እጅ ደግሞ የተከካ ምስር ወይም ሽምብራ ተቈልቶና ተፈጭቶ፥ በማንኪያ ሲነሣ የማይፈስ ገንፎ ይሁን። ወተት ወይም ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ቢገባበት ይበልጥ ያማረ ነው። መንግሥታችንም ከስዊድን መንግሥት ጋር በ1962 ያቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ያወጣው በዚሁ አሳብ ነበር፤ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አጣመረ። ስሙም ምኞቱን ይናገራል።

ጾምን በሚመለከተው ታናናሽ ልጆች በጾም ሕግ እንዳልተያዙ የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፥ እንዲሁም የታመመ ሰው፥ ከንስሓ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ። ጾሙን የሚጾሙ ከሆነም የጥራጥሬው ድርሻ ለነርሱ በዝቶ ይቀመጥላቸው። ለሌላ ሰው ሁለት ጭልፋ የሚወጣ ከሆነ ለነርሱ ሦስት ይውጣ።

ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

ጥራጥሬን አመስግነን ጕዳቱን ብንሸሽግ እውነተኛ መካሪዎች አንባልም። ከጥራጥሬ ሁሉ ጓያ አደገኛ ነው። ጓያ ድርቅን ችሎ ስለሚበቅል በችግር ጊዜ የድሃ መጠጊያ ይሆናል፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፥ በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ጐድቶ ሰውን ዕድሜ ልኩን ሽባ ያደርገዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ በደላንታ ዳውንት በደረሰው ችግር ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት እግሩን አጥቷል። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የሽሮ እህል የምታስፈጭ እመቤት በአተሩ ውስጥ ጓያ እንዳይደባለቅባት ትመልከት።

ሁለተኛው፥ ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነገር በጥራጥሬና በእህል ውስጥ የለም። በፍስክ ቀን ወተት፥ አይብ፥ ዕንቍላል ወይም ዓሣ የሚመገብ ሰው ከነዚህ ያገኘዋል። ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የተወ ሰው ግን ሐኪም ጠይቆ መድኀኒቱን መውሰድ ይገባዋል። ሦስተኛው፥ በጥራጥሬ ያለው ብረት ከሥጋው ብረት ይልቅ ለአካል ይከብዳል፤ ሎሚ፥ ቲማቲምና ቃሪያ አብረው ሲበሉ ይቀለዋል፥ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ብሎ ቢፈላ መልካም ነው። አራተኛው፥ ቆጮ የሚበላበት አገር ሰው ይህን ይወቅ፤ ቆጮ ኀይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ከጤፍ እንጀራ የሚገኘውን ድርሻ ከርሱ መጠበቅ አይቻልምና፥ አይብ ወይም ወተት ወይም ባቄላ ሳይለየው ይበላ። አምስተኛውም፥ ኩላሊቱን የታመመ ሰው የፕሮቲኑን ልክ ሐኪሙ ይወስንለት።

የጥቂት ሥጋ አገልግሎት

ይህን ሁሉ ስንናገር ሥጋን ለመንቀፍ አይደለም። ሥጋ መልካም ምግብ ነው፤ ብረቱም ቪታሚኑም የታወቀ ነው። የምንለው፥ ሥጋ በአንድ ቀን በዝቶ ከሚያልቅ ይልቅ በብዙ ቀን በጥቂት በጥቂቱ ቢገባ ይበልጥ ያገለግላል ነው። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን ቦዘና ሽሮ ነው። ጥቂት የሥጋ ቍራጭ ወይም ቋንጣ በወፍራም ሽሮ ውስጥ ሲገባ ወጡ ይጣፍጣል፥ በጥራጥሬው ውስጥ ያለው ብረትም ለአካል ይቀለዋል፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደርሰዋል። ግማሽ ኪሎ ሥጋ እንዲህ ሆኖ ሦስት ቀን ይሄዳል። ከሥጋው ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ወተትና ዕንቍላል ለልጆች ይገዛበት።

እንግዲህ ክቡራን አባወሮችና የቤት እመቤቶች ሆይ፥ ነገ ገበያ ስትወጡ ከሥጋ ቤቱ አስቀድሞ የጥራጥሬውን መደብ ጐብኙ። ወጥ ሲሠራ ሽሮው በሰው ቍጥር ይለካ፥ ውሃውም ይቀነስ። መሶቡ ሲቀርብ የልጆቹ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ የነፍሰ ጡሯም አትረሳ። ይህን አንድ ወር ያህል ፈጽማችሁ በልጆቻችሁ ፊት ላይ የሚታየውን ለውጥ ራሳችሁ መርምሩ። ሥጋ ያልገዛ አባት ቤቱን የበደለ አይምሰለው፤ ወፍራም ወጥ በየዕለቱ በመሶቡ ላይ ያኖረ ሰው ልጆቹን በደኅና አሳድጓልና።